ለእንግዳው ዲስክ ወንበር የለቀቅሁ ለታ

ብቻውን የሚኖር ሰው ቤቱ እንግዳ የመጣ ለታ ጤናው አይታመንም። ያንኑ ብርጭቆ ደጋግሞ ያጥባል፣ ወንበር ከወዲህ ወዲያ ይጎትታል፣ ሳይጠየቅ ስለ ሙቀቱ ያወራል። የእኔ ግን ከዚህም ይብሳል። የመጣብኝ እንግዳ ሰው እንኳ አልነበረም፤ ሃርድ ዲስክ ነው። ለማታውቁት፣ ሃርድ ዲስክ ማለት የኮምፒዩተር ሆድ ማለት ነው። የበላውን ሁሉ ይዞ ዝም ብሎ የሚቀመጥ፣ ጡብ የሚያህል ብረት።

ነገሩ የሆነው ገዳሪፍ ነው፣ ኮምፒዩተር ሁሉ የልብስ ሳጥን ያህል በነበረበት ዘመን። ሥራዬ ቪዲዮ መቅረጽ ነው፤ ነበር ብል ይሻላል። አበሻው ስሜን ከተወው ቆይቷል፤ የሚጠራኝ "ቪዲዮ" እያለ ነው። "ቪዲዮ ታሟል አሉ"፣ "ቪዲዮን ገበያ ውስጥ ሽንኩርት ሲመርጥ አየሁት" ይባላል። በደጉ ጊዜ እኔና ጓደኛዬ ይርጋ ከገዳሪፍ እስከ ሾዋክ፣ አንዳንዴም እስከ ኒው ሀልፋ ድረስ፣ ያልቀረጽነው ሠርግ ያልገባንበት ክርስትና አልነበረም። እኔ ካሜራ እይዛለሁ። ይርጋ ደግሞ ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጦ ይቆርጣል፣ ይቀጥላል፣ ሙሽራይቱ ስታለቅስ በዙሪያዋ አበባ ያዘንባል። አበባው ለምን እንደሚዘንብ ጠይቄው አላውቅም፤ ሰዉ ግን ይወደው ነበር።

ከዚያ ሰዉ መሄድ ጀመረ። አንዱ በስደተኛ ጽሕፈት ቤት በኩል ስሙ ወጥቶለት ባሕር ተሻገረ፣ ሌላው አገሩ ገባ፣ ሌላው ኻርቱም ወረደ። የሁሉንም ሽኝት የቀረጽሁት እኔ ነኝ። በመጨረሻ የይርጋ ስም ወጣ፣ እሱንም ቀረጽሁት። የእሱን ሽኝት የሚቆርጥልኝ ስላልነበረ እስከ ዛሬ እንዳለ ነው፤ አበባም አልዘነበበትም።

እንኖርበት የነበረው ሰፊ ግቢ፣ በአገሩ አጠራር ሆሽ፣ ድሮ በየክፍሉ ቤተሰብ ነበረበት። ሰዉ ሲሄድ ክፍሎቹን አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ለመጋዘንነት ተከራያቸውና ጎረቤቶቼ ጆንያዎች ሆኑ። ክፉ ጎረቤት ናቸው አልልም፤ አይጮኹም፣ ጨው አይበደሩም። ግን ስታመም የሚጠይቀኝ ጆንያ የለም። በሆሹ ውስጥ ነፍስ ያለን እኔና የቤቱ ባለቤት ሐጂ ዑስማን ብቻ ነን። ሐጂ ሚስታቸው ሞተውባቸው፣ ልጆቻቸው ጅዳ ሄደውባቸው፣ በማዶ በኩል ባለችው ክፍል ሬዲዮናቸውን ታቅፈው የሚውሉ ሽማግሌ ናቸው። ጠዋት ጠዋት "እንዴት አደርህ፣ ሙሰዊር?" ይሉኛል። ሙሰዊር በእነሱ ቋንቋ ፎቶ አንሺ ማለት ነው። "አልሐምዱሊላህ" እላለሁ። የቀኑ ወሬያችን በዚሁ ያልቃል።

ብቸኝነት ማንም የማያውቀው ሰው ላይ ብቻ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር። ለካ አገር ያወቀው ሰው ላይም ይደርሳል፤ እንዲያውም የእሱ ይብሳል። በዓል ሲመጣ በከተማው የቀሩት አበሾች "ቪዲዮን እንጥራው ይሆን?" ይባባላሉ። "ኧረ እሱን! ስንቱ ቤት ጠርቶት ይሆናል" ይባባሉና ይተዉኛል። ይህን የነገረኝ ከእነሱው አንዱ ነው፣ የአንድ ዓመት ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ "ለመሆኑ ስንት ቤት በላህ?" ብሎ እየሳቀ። "ተወኝ እባክህ፣ ሆዴ ሊፈነዳ ነው" አልሁት። ምን ልበለው? ያንን ፋሲካ የፈሰክሁት በሰርዲን ነበር፣ ጣሳውን በቢላ ስከፍት ጣቴን ቆርጬ። የዚያን ዕለት ለራሴ ማልሁ፦ ሁለተኛ ፋሲካን ብቻዬን አልፈስክም።

መማል ቀላል ነው። ዓመቱ ዞሮ ሕማማት ሲገባ ግን የምፈስክበት ሰው አሁንም አልነበረኝም።

በጸሎተ ሐሙስ ከቀትር በኋላ የሆሹ በር ተንኳኳ። ብከፍተው እትዬ ዘውዲቱ ናቸው። እትዬ ዘውዲቱ ሾዋክ የሚኖሩ የጎንደር ሴት ናቸው፤ የልጆቻቸውን ሠርግ ሁሉ የቀረጽሁላቸው እኔ ነኝ። አሁን ጓዛቸውን ጠቅልለው በገላባት አድርገው ወደ መተማ ሊሻገሩ፣ አገራቸው ሊገቡ ነው። መኪናው ገዳሪፍ ላይ ዕቃ እስኪጭን ሮጥ ብለው ነው የመጡት። በአንድ እጃቸው በላስቲክ የተቋጠረ ጉልባን፣ በሌላው በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል።

"ይርጋ ከሽኝቱ በኋላ በሾዋክ ሲያልፍ የሰጠኝ አደራ ነው" አሉኝ። "'እትዬ፣ ሰዉ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው ያለው፤ ለቪዲዮ ይስጡልኝ' ብሎኝ ነበር። ዛሬ ነገ ስል ይኸው መሄጃዬ ደረሰ። ሳጥኔ ውስጥ ከበርበሬዬ ጋር ነው ያኖርሁት፣ ምንም አልነካውም።"

ጥቅሉን ስፈታው ሃርድ ዲስክ ነው። ማስነጠስ ጀመርሁ።

ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ውኃ ቅመሱ ብላቸው መኪናው ጥሏቸው እንዳይሄድ ፈሩ። ጉልባኑን አስጨብጠውኝ ወጡ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ዞሩ።

"ልጄ፣ ሰው ያለበት ነገር ነውና እታች እንዳታደርገው። ከፍ ካለው ቦታ አስቀምጠው። እንግዳ ነው።"

ይህችን ቃል ያዙልኝ። የደረሰብኝ መከራ ሁሉ የመጣው ከዚህች ቃል ነው፤ እትዬ ዘውዲቱ ግን ምንም ጥፋት የለባቸውም።

ሰዉ ሁሉ እዚህ ውስጥ ነው። ብረቱን በመዳፌ ይዤ አሰብሁት። ይርጋ የቆራረጣቸው ሠርጎች፣ ክርስትናዎች፣ በዚሁ ሆሽ ውስጥ ዳስ ተጥሎ የተጨፈረባቸው ቀኖች ሁሉ እዚያ ውስጥ ናቸው። የፋሲካ ሰው ተገኘልኝ አልሁ። ዶሮዬን ሠርቼ፣ ኮምፒዩተሩን ከፍቼ፣ ከሰዎቼ ጋር እፈስካለሁ። ለመሐላዬ ይህ ይበቃል፤ ሰዉ በስክሪን ይምጣ በበር ብዬ አልማልሁም።

በማግስቱ ስቅለት ነው። በስቅለት ሥራ እንደማይሠራ አውቃለሁ። ግን እንግዳ መቀበል ሥራ ነው እንዴ? እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንሁና መፍቻ አነሣሁ።

ኮምፒዩተሬ ድሮ ነጭ ነበር ይላሉ፤ እኔ ሳውቀው የሻይ መልክ ነው ያለው። ለሙቀቱ ስል የጎን ክዳኑን ካወለቅሁት ቆይቷል፣ ለአቧራው ስል ደግሞ የአገሩ ሴቶች በሚጎናጸፉት አሮጌ ቶብ ሸፍኜዋለሁ። ውስጡ ሁለት የዲስክ ቦታ አለ፤ አንዱ ከላይ፣ ማራገቢያው በደንብ የሚነፍስበት፣ ሌላው ከታች፣ ሙቀትና አቧራ የሚተኛበት። ከላይኛው ቦታ ላይ የራሴ ዲስክ ተቀምጧል። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ፣ ዊንዶውሱም ምኑም፣ ያለው እሱ ላይ ነው። ለዓመታት ያገለገለኝ ሎሌ ነው።

እና ምን ላድርግ? እንግዳውን ከታች፣ አቧራ ላይ ላስቀምጠው? የጎንደር ሰው ነኝ። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲመጣ የቤቱ ባለቤት ከመደቡ ይነሣል፤ አባቴ ለማያውቁት መንገደኛ አልጋቸውን ለቀው ከጥጆች ጋር ሲያድሩ ያየሁ ሰው ነኝ። የራሴን ዲስክ "ተነሥ" አልሁት። ብሎኑን ፈታሁ፣ ወደ ታች አወረድሁት፣ እንግዳውን ከላይ አስቀመጥሁ። ዲስኮቹን ከኮምፒዩተሩ ጋር ከሚያገናኘው ጠፍጣፋ ገመድም ዋናውን ጫፍ ለእንግዳው ሰጥቼ፣ የራሴን መሐል ላይ ባለችው መሰኪያ ሰካሁት። ከዚያ አበራሁት።

ኮምፒዩተሩ አቃሰተ። ስክሪኑ እንደ ጠቆረ ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳችሁ፤ አጭር ነው፣ አይከብድም። በዚያ ዘመን ሁለት ዲስክ በአንድ ገመድ ሲኖር አንዱ አለቃ፣ ሌላው ምንዝር መሆን ነበረበት። ይህን የምትወስነው ከዲስኩ ጀርባ ባሉት መርፌዎች ላይ የምትሰካ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል የፕላስቲክ ቁራጭ ናት። ቦታዋን ስትለውጡ ሹመቱ ይለወጣል። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠራው አለቃውን ነው። የእኔ ሁለት ዲስኮች በየነበሩበት ቤት አለቃ ስለነበሩ ሁለቱም አለቃ ነኝ አሉ፤ እና ቤቱ ታወከ።

ስለዚህ አንዱ መውረድ አለበት። ማን ይውረድ? እንግዳው? ሰው ያለበትን ነገር፣ በስቅለት ቀን፣ ምንዝር ላድርግ? አላደርገውም። የራሴን ዲስክ ለማውረድ በወረንጦ ያቺን ቁራጭ ፕላስቲክ ስነቅላት ከወረንጦው አፈትልካ በረረች።

ወለሉ አፈር ነው፤ ቁራጯም የአፈር መልክ ያላት ናት። ተንበርክኬ ፈለግሁ፣ አጣሁ። ግንባሬን መሬት አስነክቼ በጠረጴዛው ሥር አየሁ። ተነሣሁ፣ በሌላ በኩል ዞርሁ፣ እንደገና ወደቅሁ። "አምላኬ፣ አንተ ታውቃለህ" አልሁ ጮክ ብዬ። ወገቤን ሲያመኝ እየቆምሁ፣ ትንፋሼ ሲመለስ እየተደፋሁ፣ ላቤ እየተንጠፈጠፈ ብዙ ቆየሁ። በመሐል ቀና ስል ሐጂ ዑስማን ደጃፌ ላይ ቆመዋል። የኮምፒዩተሩ ጠረጴዛ በላዩ መስቀልና የማርያም ሥዕል ያለበት ነው። ሐጂ ዓይናቸውን ወደ ሥዕሉ፣ ከዚያ አፈር ወደ ነካው ግንባሬ አዞሩ። ጫማቸውን እንዳይሰማ አድርገው ወደ ኋላ ተመለሱ፤ የሬዲዮናቸውም ድምፅ ወዲያው ዝቅ አለ።

ሮጬ "የምፈልገው ፕላስቲክ ነው" ልላቸው አስቤ ነበር። ግን በስቅለት ቀን ከስግደት ይልቅ ፕላስቲክ ስፈልግ ዋልሁ ብሎ መናገርም ያሳፍራል።

ቁራጯን አገኘኋት፤ ጉልበቴ ላይ ተጣብቃ አብራኝ ስትሰግድ ነበር። የራሴን ዲስክ ምንዝር አደረግሁና እንደገና አበራሁ። አሁን ስክሪኑ ጽሑፍ አወጣ። "ማስነሻ ዲስክ አጣሁ፤ ዲስክ አስገባና ቁልፍ ተጫን" ይላል። ቁልፍ ተጫንሁ። ያንኑ ደገመልኝ። ሌላ ቁልፍ ተጫንሁ፣ ያንኑ ደገመልኝ። እስኪመሽ ድረስ የዚህን ማሽን ያህል ያነጋገረኝ ሰው በዚያ ወር አልነበረም፤ ወሬው አንድ መሆኑ ነው እንጂ።

ቅዳሜ ጠዋት ኮምፒዩተሩን አቅፌ በሪክሻ፣ በባለ ሦስት እግሩ መኪና፣ ገበያ ወጣሁ። ሾፌሩ በቶብ የተሸፈነ ነገር ታቅፌ ሲያየኝ ሕፃን መስሎት ጉድጓዱን ሁሉ እየሸሸ በቀስታ ነዳልኝ። እኔም ሕፃን አይደለም አላልሁትም፤ ሰው እንዲህ ከተጠነቀቀልኝ ቆይቷል።

ገበያ ውስጥ ሞባይልና ኮምፒዩተር የሚጠግን አንድ ጎልማሳ አለ፤ ራሱን ባሽሙሃንዲስ፣ ማለትም ዋና መሐንዲስ፣ ብሎ የሾመ። የመጣለትን ዕቃ ሁሉ መጀመሪያ "ቫይረስ ነው" ይላል፤ ገመዱ የተበጠሰ ማራገቢያም ቢሆን። የእንግዳውን ዲስክ ነቅሎ ወደ ጎን አደረገና የራሴን ብቻውን ሞከረው። አልተነሣም። ጆሮውን ለጥፎ አዳመጠው። ራሱን ነቀነቀ።

"አላህ ይርሐመው" አለኝ፣ ነፍስ ይማር ማለቱ ነው። "ዲስክህ ሞቷል።"

ቀጥሎ እንግዳውን ብቻውን ሞከረ። እሱም ማስነሻ የለኝም አለ። ስለዚህ እሱም ሞቷል ተባልሁ። በአንድ ጠዋት ሁለት ሬሳ ተሸክሜ ተመለስሁ።

አሁን ሳስበው የእኔ ዲስክ ምን ሞት አለበት? ምንዝር ነህ ተብሏል፤ አለቃው እስኪመጣ ዝም ብሎ ይጠብቃል። የእንግዳውም ቢሆን ዊንዶውስ ኖሮበት አያውቅም፤ ይርጋ ቪዲዮ ብቻ ነበር የሚያኖርበት። ያን ጊዜ ግን ይህ ሁሉ አልታየኝም። የታየኝ ሰዉ ሁሉ እዚያ ብረት ውስጥ እንደ ተቆለፈና በሩን የዘጋሁትም እኔ እንደሆንሁ ነው።

ቢሆንም ዶሮዋን አረድሁ። ብልት ማውጣት አላውቅም፤ እናቶቻችን የሚያውቁት ቁጥር የእኔ ላይ ጎደለ፣ የት እንደ ገባ እግዜር ይወቅ። ሽንኩርቱን ሳቁላላ አለቀስሁ። የሽንኩርቱ ነው ብዬ ብዋሻችሁ ታምኑኝ ነበር፤ አልዋሽም፣ የሽንኩርቱ ብቻ አልነበረም። ብቻዬን ነበርሁ፣ ከፋኝ።

ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ቅዳሴው ሲያልቅ ሁሉም "እንኳን አደረሰህ፣ ቪዲዮ" ብሎ እጄን ጨበጠና ወደየቤቱ ገባ። እኔም ገባሁ። ወጡ ድስት ውስጥ አለ፣ እንጀራው መሶብ ውስጥ አለ። አልነካሁትም። ብቻዬን አልፈስክም ብያለሁ፤ ድስቱን ከድኜ ተኛሁ። ሆዴ ሲጮህ ተነሣሁ፣ አሁንም አልነካሁትም። እልኸኛ ነኝ፤ ማንም ሳያየኝ ከራሴ ጋር የምጣላ ዓይነት እልኸኛ።

ረፋድ ላይ በሩ ተንኳኳ። ሐጂ ዑስማን ናቸው። ነጭ ጀላቢያ ለብሰው፣ ጥምጥማቸውን አሳምረው፣ ቴምር በሳህን ይዘው። ስንት ዓመት አብረን ስንኖር ከደጃፌ አልፈው አያውቁም ነበር።

"ዓርብ ዕለት ስትሰግድ አየሁህ" አሉኝ። "ወላሂ፣ እንዲህ ያለህ አምላኪ መሆንህን አላውቅም ነበር። እንዲህ የሚሰግድ ሰው በዒዱ ብቻውን አይውልም ብዬ መጣሁ።"

እውነቱን ልንገራቸው አልሁና ተውሁት። ዝም አይነቅዝም።

ሰው መጣ! ምን ላድርግ? እቤቴ ያለችው ወንበር አንዲት ናት፣ ከኮምፒዩተሩ ፊት ያለችው የእኔው። እሷን ለሐጂ ለቀቅሁና እኔ ከግድግዳው ጋር ቆምሁ። ሐጂ ተቀመጡ። ክፍሏ ጠባብ ስለሆነች ወንበሯ ላይ የተቀመጠ ሰው መተላለፊያውን ሁሉ ይዘጋል። የሻይ ምድጃው ከወንበሯ በስተግራ፣ ስኳሩ ከወንበሯ በስተጀርባ መደርደሪያው ላይ፣ ብርጭቆዎቹ ከጠረጴዛው ሥር ናቸው፤ ሁሉንም ከተቀመጥሁበት እንዳገኝ አድርጌ የሰደርሁት ለራሴ ነው። እና ሻይ ላፈላ ብዬ በሐጂ ትከሻ ላይ ተንጠራራሁ፤ ጥምጥማቸውን ነካሁ። በእግራቸው መሐል ለብርጭቆ አጎነበስሁ፤ ጉልበታቸውን ገጨሁ። ሐጂ ሊያግዙኝ ብለው እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደዱና በስኳር ፈንታ ጨው አቀበሉኝ። እኔም ሳላይ ጨመርሁት።

አንድ ፉት አሉና ብርጭቆውን አስቀመጡ።

"ያ ወልዲ፣ ልጄ" አሉኝ። "ቦታህን ለቀህልኛል፣ አላህ ይስጥህ። ግን እኔ እንግዳ ነኝ፤ የቤትህ ስኳር የት እንዳለ በምን አውቃለሁ? አንተ እቦታህ ተቀመጥ። እኔን ከጎንህ አድርገኝ። ያኔ ሁለታችንም ሻይ እንጠጣለን።"

ተነሥተው አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እኔ ግን ወንበሬ ላይ አልተቀመጥሁም። ብርጭቆ እንደያዝሁ ኮምፒዩተሩን አፍጥጬ ቀረሁ። ስኳሩ የት እንዳለ የማያውቀውን እንግዳ በባለቤቱ ቦታ አስቀምጬ፣ ስኳሩን የሚያውቀውን ከደጅ አስቁሜ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ሻይ ጠጣ ስለው ነበር የከረምሁት! ዊንዶውሱ ያለው እኮ የእኔው ዲስክ ላይ ነው።

ሐጂን "አንድ ጊዜ ይቅርታ" ብዬ መፍቻዬን አነሣሁ። የራሴን ዲስክ ወደ ቦታው መለስሁ፣ የገመዱን ጫፍ መለስሁለት፣ የአለቅነቱን ፕላስቲክ ሰካሁለት። የእንግዳውን ፕላስቲክ ለማዛወር ስነቅላት ግን እንደ እህቷ በረረች።

ሁለታችንም ወደቅን። ሐጂ ጀላቢያቸውን ሰብስበው በአልጋው ሥር፣ እኔ በጠረጴዛው ሥር። ምን እንደምንፈልግ በጣቴ ጫፍ መጠኗን አሳየኋቸው። ግንባራቸው መሬት ሊነካ ሲል ድንገት ቆም አሉና አዩኝ፤ ከዚያ ሥዕሉን አዩ፤ ከዚያ እንደገና እኔን አዩ።

"ዓርብ ዕለት" አሉኝ ቀስ ብለው፣ "የሰገድኸው ለዚህች ነበር?"

"ለዚህች አይደለም" አልሁ፤ "ለእህቷ ነው።"

ሐጂ ዑስማን ከት ብለው ሳቁ። አፈር ላይ ቁጭ ብለው፣ ጥምጥማቸው ተፈትቶ፣ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ቁራጯንም ያገኟት እሳቸው ናቸው፣ ጢማቸው ውስጥ። በምንዝርነት ቦታዋ ላይ ሰካኋት።

አበራሁት። አቃሰተ፣ አሰበ፣ ተነሣ። እንግዳው ከጎን ሆኖ በሥርዓቱ ስሙን ተናገረ። ከፈትሁት። የበርበሬው ሽታ ይሁን ሌላ ነገር፣ ዓይኔን ቆጠቆጠኝ።

የመጀመሪያው ሠርግ በዚሁ ሆሽ የተደረገ ነው። አሁን ጆንያ ያለባቸው ክፍሎች በራቸው ተከፍቶ ሰው ይገባል ይወጣል። እትዬ ዘውዲቱ በጠጅ ብርሌ አጠገብ እስክስታ ይመታሉ። ይርጋ ጥርሱን ገልጦ ወደ ካሜራው ይስቃል። ሐጂ ዑስማን ድንገት "አቁመው" አሉኝ። አቆምሁት። ከኋላ በኩል አንዲት በቶብ የተሸፈኑ ሴት ማሰሮ ይዘው ሲያልፉ ይታያሉ፤ ሚስታቸው ናቸው። ሐጂ ብዙ አዩዋቸው። ከዚያ "ቀጥል" አሉኝ።

ቀጠልሁ። የሚበላበት ሰዓት ደረሰ። በዚያ ዘመን ለካ ልብ ብዬ አላየሁትም፤ አንድም ሠርግ ላይ እኔ አልታይም። ካሜራውን የያዝሁት እኔ ነኝና። የሚታየው እጅ ነው። በየሠርጉ፣ በየክርስትናው፣ ጉርሻ የያዘ እጅ ወደ ስክሪኑ ይመጣል፤ "ቪዲዮ፣ ና እንጂ ጉረስ! ያንን ነገር አስቀምጠውና ጉረስ!" ይባላል። እጁ እየቀረበ፣ እየገዘፈ፣ ስክሪኑን ይሞላውና ካሜራው ወደ ኋላ ይሸሻል። ከዚያ የእኔ ድምፅ ይሰማል፤ "ቆይ፣ ቆይ፣ እየቀረጽሁ ነው።"

የእትዬ ዘውዲቱ እጅ መጣ። የሙሽራው አባት እጅ መጣ። የይርጋም መጣ። ሁሉንም ሸሸኋቸው።

"የሚያጎርሱት ማንን ነው?" አሉ ሐጂ።

"እኔን።"

"በላህ?"

"አልበላሁም። ካሜራ ይዤ ነበር።"

ሐጂ ወደ ድስቱ አዩ፤ እንደ ተከደነ ነው። "ዛሬስ?" አሉኝ። አልበላሁም አልሁ። ለምን እንዳልበላሁም ነገርኋቸው፤ ሰርዲኑንም፣ መሐላውንም፣ ሰው ሁሉ ተጋብዟል እያለ እንደሚተወኝም። እስከዚያ ቀን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር።

ሐጂ እጃቸውን ታጠቡ። እንጀራ ቆረሱ፣ ድስቱን ከፍተው ወጡን ነካ አደረጉ። የክርስቲያን ሥጋ እንደማይበሉ አውቃለሁ፤ እሳቸውም ማወቄን ያውቃሉ። "ይህ ለእኔ አይሆንም፣ ለአንተ ነው" አሉኝ። በዕድሜያቸው አጉርሰው አያውቁም፤ ስክሪኑን እያዩ እንደዚያ ለማድረግ ጠቀለሉ፣ ቡጢ የሚያህል ሆነ። እጃቸው ወደ አፌ መጣ፤ ወጡ በክርናቸው ፈሰሰ፤ መጀመሪያ አፍንጫዬን መታኝ።

እጄ ላይ ካሜራ አልነበረም። አፌን ከፈትሁ።

አፌ ሞልቶ ነበርና፣ ውጬ መናገር ስችል "ያ ሐጅ፣ በእኛ አገር አንድ ጉርሻ ያጣላል ይባላል" አልኋቸው።

ሐጂ ዑስማንም እንድንጣላ አልፈለጉም።